ለዛሬ ብቻ

ሐምሌ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ከሌሊቱ ስምንት፣
ከቀለም መሸጫው በላይ፣ በዚያች ጠባብ ቤት፣
ስልኬ እንደ ጥንዚዛ ጠረጴዛው ላይ ዞረ፤
ማታ የጫንነው ወንፊት፣ ኮዱን ሲነፋ አምሽቶ፣
ጠጠር ይዞ ቀረ።

ጠጠሩ ቁልፍ ነው።
የማዳበሪያው መዝገብ፣ የዩኒየኑ ሰርቨር፣
ገበሬው በየስሙ ያስጻፈው ኩንታል፣ የተበደረው ብር፣
ሁሉም በዚያ አንድ ቃል ይከፈት ነበር።
ያውም በአደባባይ! ኮዳችንን ለዓለም ሰጥተን፣
«ተማሩበት» ብለን፣
ቁልፉን ከነማንጠልጠያው በሩ ላይ ሰክተን።
በቅኔ አገር ተወልደን፣ ወርቅ ሰም ሲለብስ አይተን፣
የእኛ ወርቅ ያለ ሰም፣ ራቁቱን ተኝቷል፤
ከጎኑ የሰፈረው ማስታወሻ እንዲህ ይላል፦
«ለዛሬ ብቻ ነው። ነገ ይነሳል።»

ለአንማው ደወልኩ። ሮጦ መጣ በጨለማ፣
ጭቃ አስቀርቶበት አንዱን ነጠላ ጫማ።
ሳይቀመጥ መስመሩን ሰረዘና «ጠፋ» አለኝ፣
«በቃ፣ ተገላገልን» አለኝ።

አልጠፋም።
ይህ ጎተራ የጣሉትን አይጥልም፤
የአምናውን፣ የካቻምናውን፣ የተሰረዘውን ጭምር
ደርድሮ ያኖራል፣ አንድም አያጓድልም።
የገለበጠም ገልብጧል፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤
ሣር ላይ የፈሰሰ ጤፍ ለቅሞ የጨረሰ ማን ነው?
«ቁልፍ መደበቁን ተው» አልኩት፤ «ጓጉንቸሩን እንንቀለው።
ቁልፉን የፈለገ ይያዘው፤ የሚከፍተው በር አይኑረው።»

ነቀልነው። አሮጌው ቃል ሞተ።
ዐሥራ አንድ መጋዘን ባንዴ ዐይኑን ከደነ።
አዲሱን ከኮዱ አርቀን፣ ለየብቻ ቆልፈን፣
የገባ የወጣውን መዝገብ በጣታችን ተከተልን፦
ደምበጫ። ቡሬ። ማንኩሳ። አማኑኤል። ደምበጫ።
ግንቦት ሃያ ሁለት ሌሊት ግን፣ ከማናውቀው አቅጣጫ
አንድ እንግዳ ገብቶ፣ አራት ደቂቃ ቆሞ፣
ምንም ሳይነካ ወጥቷል።
ወይም የነካውን እኛ አላየነውም።
ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላሉ፤
ይኸው ጮኽን።

ሊነጋጋ ሲል አንማው አንገቱን ደፋ፤
«እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ ሰኔ ላይ፣ መብራት ሲጠፋ፣
ቸኩዬ…» አለ።
ተግሣጼን ስዬ ነበር፤ አፌ ላይ ደርሷል፤
ግን ማን እንደጻፈው መዝገቡ ያውቃል።
ጠየቅነው። መዝገብ አያፍር፣ ይሉኝታ የለው፣
ቀኑን ከነሰዓቱ፣ ስሙን ከነአባቱ ዘረገፈው፦
ይታይሽ ቢያድግልኝ።

እኔው።
የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ሐሙስ ማታ፣ ዓርብ ለዩኒየኑ
ልናሳይ ቀጠሮ ይዘን፣ አልከፍት ብሎኝ ማሽኑ፣
ቃሉን በእጄ ጻፍኩት። አንማው ያኔ ተማሪ ነው፤
የዚህን ኮድ መልክ አያውቀው።
አባቴ «ይታይሽ» ብሎ ነው ስም ያወጣልኝ፤
ሦስት ዓመት ሙሉ ዐይኔ ሥር ተኝቶ
አልታየኝ።

አንማው ወደ እኔ አልዞረም።
«ሻይ ላምጣ» ብሎ ወረደ፣
ባንድ ነጠላ ጫማ።

አንድ ሰዓት ተኩል፣ ስልክ፤ ጋሽ ሽባባው ከማንኩሳ፦
«ልጄ፣ ኮምፒውተሩ አላውቅህም አለኝ፣ ምነው ሳ!
ገበሬው ተሰልፏል!»
አዲሱን ቃል ነገርኳቸው፣ ፊደል በፊደል፣ ቁጥር በቁጥር፤
«የእርስዎ ብቻ ነው» አልኩ፤ «ለልጅዎም እንዳይነግሩ፣ ምሥጢር!»
«ገባኝ፣ ገባኝ» አሉ።
ከዚያ በስልኩ ውስጥ፣ ጠመኔ ጣውላ ላይ ሲፋጭ ሰማሁ።
«ምን እያደረጉ ነው፣ ጋሼ?»
«በሩ ላይ እየጻፍኩት» አሉኝ፤ «እንዳይጠፋኝ ነው።
ለዛሬ ብቻ።»