ቁራሽ እንቅልፍ

ጌንት ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ፣
እንቅልፌን ስድስት ቦታ ቆረስኩት፣ ይበቃኝ እንደሆን ልይ።
በየአራት ሰዓቱ ሃያ ደቂቃ፣
ደወል ሲጮህ ልተኛ፣ ደወል ሲጮህ ልነቃ፤
ግድግዳው ላይ ሰንጠረዥ፣ በቀይና በሰማያዊ ቀለም፣
“ሲሶ ዕድሜውን ሰው ተኝቶ መጨረስ የለበትም”
የሚል ጽፌ ከሥሩ፣
በኩራት ነበር ጅማሬው፣ በኩራት ነበር ነገሩ።

የተረፈኝን ሰዓት እንደ ብር ቆጠርኩት፤
ደች ልማርበት አልኩ፣ መጻሕፍቴን ልጨርስበት፤
በሦስተኛው ቀን ካልሲዬን
ማቀዝቀዣው ውስጥ አገኘሁት።

ስልኬ “ሁለት ሰዓት” ይላል፣ እኔ “ስምንት” እላለሁ፤
በመካከላችን ስድስት ሰዓት አለ፤ እዚያ ውስጥ እተኛለሁ።
የከተማው የደወል ማማ በየሩቡ ይዘፍናል፣
ለማን እንደሆነ እንጃ፤ ሰው ሁሉ ተኝቷል።
ብስክሌቶች ድልድዩ ላይ በሰንሰለት ታስረው፣
ቆመው እንደ በቅሎ ያንቀላፋሉ፣ አንገታቸውን ሰብረው።

የጎን ክፍሏ ቬርሌ መተላለፊያው ላይ አፈጠጠችብኝ፤
“ታመሃል?” አለችኝ።
“እየሞከርኩ ነው” አልኳት።
“ምኑን?”
ጠፋብኝ።

በዘጠነኛው ሌሊት፣ ከስምንት ሰዓት አልፎ ጥቂት፣
እግሬ እኔን ሳይጠይቅ ወረደ ወደ ዱቄት፣
ወደ መብራት፣ ወደ ሙቀት።
ጎደሊቭ ክንዷን እስከ ክርኗ ሊጥ ውስጥ ከትታ፣
ቀና አለች፤ ሳትደነግጥ፣ በርጩማ በእግሯ ገፍታ፦
“ተቀመጥ።”
ተቀምጬ ነገርኳት፦ ሰንጠረዡን፣ ሃያ ደቂቃዬን፣
በዓመት የማተርፈውን፣ ያንን ሁሉ ሒሳቤን።
ሊጡን ገለበጠች፣
ጠፈጠፈች፣ በጨርቅ ሸፈነች።
“እኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ” አለች፣
“በሁለት ቁራሽ ስተኛ፤
ከእራት በኋላ ሦስት ሰዓት፣ ልጆቼን ሸኝቼ ሁለት፤
አሁን ልጆቹ አድገዋል፣ ሁለቱ ሰዓት ቀረልኝ።
ሙከራ መሆኑን ግን
ማንም አልነገረኝ።”

አባቴ ትዝ አለኝ። የድሬዳዋ ጨርቃ ጨርቅ ዘበኛ፣
ሌሊት የሰው ክር ጠባቂ፣ በቀትር የሚተኛ፤
እርጥብ ሽርጥ ፊቱ ላይ ጥሎ፣
እኛ ጫማችንን በእጃችን ይዘን፣
በሹክሹክታ ተጣልተን፣ በሹክሹክታ ታርቀን፣
የጎረቤት አህያ ሲያናፋ እንደ ባላንጣ ረግመን።
ሰንጠረዥ አልነበረውም።
ቀይም፣ ሰማያዊም።

ልነግራት አፌን ስከፍት ስልኬ ኪሴ ውስጥ ጮኸ፤
የመተኛ ሰዓቴ። የዱቄት ጆንያ ነበር አጠገቤ፣
ጎኔን ብቻ ላስደግፍ ብዬ…

ጠዋት። ሁለት ሰዓት አልፏል። የሳንቲም ድምፅ፣ ረጅም ሰልፍ፤
አንድ ሕፃን በጣቱ ያሳየኛል ለእናቱ፤
ጉንጬ ላይ የጆንያው ጽሑፍ ታትሟል ተገልብጦ፣
ስልኬ ሚዛኑ ላይ፣ ጠፍቶ፣
ሁለት መቶ ግራም ገደማ።

“ጎደሊቭስ?” አልኩ።
ሻጯ ልጅ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ
ወደ ጣሪያው አመለከተች።

ጫማዬን አወለቅኩ፤
በእጄ ይዤ፣
የሚንቋቋውን አራተኛ ደረጃ ዘልዬ፣
ወደ ላይ ወጣሁ።