የጠቆረች ሳንቲም

አርባው ባለፈ ማግስት የአባቴን ኮት ሳራግፍ፣
አሥር ሳንቲም ወደቀች ከተተረተረ ስፌት ጫፍ።
አጋዘኑ ደኅና ነው፣ ቀንዱም እንደተጠመዘዘ፤
ቀለሟ ነው እንጂ ዓይኔን ይዞ ያፈዘዘ።
ባንድ ወገን ቢጫ፣ ገና ያልተነካች፣
በሌላው ወገን ግን ጠቁራ ያንጸባረቀች፤
ጥቁር ብቻም አይደል፤ የርግብ አንገት ነገር፣
ሲያዘነብሏት ሰማያዊ፣ ሲያቃኗት ወይነ ጠጅ ዳር ዳር።
ድንበሩም ቀጥ አላለም፣ ጎብጧል እንደ ማጭድ፤
ዝገት መች ያውቅበታል እንዲህ በልክ መሄድ?

ገላን መታጠፊያ ላይ የሙዘይን ብየዳ ቤት አለ፤
«እሳት ነው» አለኝ፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ እየሰቀለ።
ሊያስረዳኝም ብሎ ሌላ ሳንቲም በነበልባል ቢያግላት፣
ድፍን ቡላ ሆና ቀረች፤ ድንበር የሚባል የላት።
«እንግዲያስ አላውቅም» አለና ወደ ጀመረው በር ተመለሰ፣
ብልጭታው የመንገደኛውን ዓይን እያስለቀሰ።

ወርቅ ሠሪው ጋሽ ኅሩይ ደግሞ አሸተታት፣ ላሳት፣
ግማሽ ሎሚ ጨምቆ በጨርቅ ጥግ አበሳት።
«አፈርማ አረንጓዴ ነው የሚያለብሰው፤
ይቺን ትንፋሽ ነው ያገኛት። የምን እንደሆነ እንጃ፣ ግን የከፋ ትንፋሽ ነው።»

መምህርት ሌንሴ ግን፣ ጎረቤቴ፣ የኬሚስትሪዋ፣
ሳንቲሟን እንኳ ሳታይ ሰውየው ሆነ ጥያቄዋ፦
«አባትሽ ሥራው ምን ነበር?»
                    «ጸሐፊ፣ ፋብሪካ ውስጥ፤
ማታ ማታ ሳሙና ሳሙና እየሸተተ ከኛ ጋር የሚቀመጥ።»
ዝም አለች። ጠርሙስ አመጣች፣ የተቀቀለ ዕንቁላል ከተፈች፣
ሁለት ንጹሕ ሳንቲም አነባብራ፣ ክዳኑን ጥርቅም አርጋ ከደነች።
ባራተኛው ቀን ከፈትነው። ሽታው ከቤት አስወጣን፤
በታችኛዋ ሳንቲም ላይ ያው ማጭድ መጥቶ ጠበቀን።
«ድኝ ነው» አለች፤ «የዕንቁላሉ ጥቂት ነው፣ ያባትሽ ግን ብዙ ዘመን፤
ከወንዙ ማዶ፣ ቆዳ ፋብሪካው፣ ጠጉር የሚያረግፉበትን
ገንዳ አታውቂም?»
                    አውቃለሁ። ሽታውን ስሸሽ ነው ያደግሁት፣
የአቃቂን ድልድይ አፍንጫዬን ይዤ የሮጥሁት።
ሦስተኛ ክፍል ሳለን፣ አባቱ እዚያ የሚውል ልጅ ነበር፤
«የፋቂ ልጅ» አልኩት፣ ሁሉም እየሰማ፣ ባንዲራው ሥር።
ማታ ይህንኑ ለአባቴ እየሳቅሁ ነገርኩት።
ሳሙናውን ይዞ ወጣ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁት።

ሁለት ሳንቲም ነበሩ፤ አንዷ አንዷን ተጭናባት፣
የላይኛዋ የኔ ነበረች፣ ማታ ከረሜላ የምገዛባት።
የታችኛዋን ስፌት ይዟት
ያን ሁሉ ትንፋሽ ለብሳ ቀረች።

ወንድሜ ትናንት መጥቶ፣ ሎሚ ቆርጦ «ላጽዳት» አለኝ፤
እጁን ያዝሁት። የቱ ጋ እንደቆሸሸች እሱ ይንገረኝ።
ጥቁሩ ማጭድ ያባቴ ነው።
ያልጠቆረው ግን፣ ያ ቢጫው፣ ያ ንጹሑ፣
የኔ ከረሜላ ጥላ ነው።