በግራህ ነኝ

መርዕድ ኳስ ሲያቀብል፣ የሚያየው ሌላ ነው።
አንገቱ ወደ ቀኝ፣ ትከሻው ወደ ቀኝ፣
ሦስት ተከላካይ ወደዚያው አስሩጦ፣
ኳሷ በግራ መስመር እግሬ ስር ስትገኝ፣
"ማጅራቱ ላይ ዓይን አለው!" ይላል ከማን አንሼ፤
ሚስማር ተራ ደግሞ፣ "የለም፣ መተት ነው!"

አንድ ቀን ጠየቅሁት፣ ጫማ ስንፈታ፣
"እንዴት ነው የምታየኝ?"
"አላይህም" አለ፣
ማሰሪያው ላይ አቀርቅሮ ሳለ።
"አንድ ነገር ብቻ ውልብ ይላል ከዓይኔ ዳር፣
ንፋስ እንደገፋው መጋረጃ ዓይነት ነገር።
ቀለም የለው፣ መልክ የለው፤
ያን ውልብታ አምኜ ነው የምመታው።"

ስንት ጎል አገባሁ፣ ውልብታ ሆኜለት!
ጋዜጣ ስሜን ጻፈ፤ የእርሱን ማን ጽፎለት።

ሃያ ስድስት ዓመት።
ምኒልክ ሆስፒታል፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ፣
አገጩን አስደግፈው፣ አንድ ዓይኑን ሸፍነው፣
"መሐል ያለችውን ነጥብ ብቻ እያት፤
ከዳር ብርሃን ብልጭ ሲል ቁልፏን ተጫናት።"
በሩ ጋ ቆሜ ሰማሁ፦
ጠቅ አለች። ጠቅ። ከዚያ ዝም።
ብርሃኑ ይበራል፤ መርዕድ አይጫንም።

ወረቀቱ ወጣ። ዳር ዳሩ ጥቁር ነው፣
መሐሉ ላይ አንዲት ነጭ ክብ።
"የዓይን ግፊት ነው" አለች ሐኪሟ፣
"የጠፋው አይመለስም፤
የቀረው እንዳይሄድ ጠብታውን እንዳታቋርጥ።"
እርሱ ወረቀቱን ወደ መስኮት አንሥቶ፣
"የመሐል ሜዳዋ ክብ ናት" አለኝ፣ ሳቅ አምልጦት፤
"መስመሮቹን ግን ማን ጠረጋቸው?"

አሁን ከስታዲየም ወደ ለገሃር ስንወርድ፣
ሚኒባስ ከጎን ድንገት ሲገነጠል፣
ሞተረኛው በቀይ መብራት ሲሾልክ፣
እርሱ ፊት ለፊቱን ብቻ እያየ ይሄዳል፣
ግራ ቀኙ እንደተከለለ የጋሪ ፈረስ።
እኔ በግራው ነኝ። እንደ ድሮው፣ በግራ።
እጁን አልይዘውም፤ መመራት ይጠላል፤
ክርኔን ብቻ እጀታው ላይ አስጠጋለሁ፣
መኪና ሲመጣ ጫን አደርጋለሁ፤
ይቆማል።
ምን መጣ ብሎ አይጠይቅም።

ትናንት አምባሳደር ጋ ልጆች የለጓት ኳስ
ከግራ ነጥራ መጣች። ምንም አላልሁትም፤
ክርኔም ካለበት አልተነቃነቀም።
"ኳስ ናት አይደል?" አለኝ፣ ፊቱን ሳያዞር።
"በምን አወቅህ?"
"እርምጃህ ተለወጠ። ልትሮጥ ነበር።"