የጉልበት ነገር

ሐኪሙ ፊልሙን በመስኮቱ አይቶ፣
«ጉልበትዎ አልቋል» አለኝ መነጽሩን አንስቶ።
ሳቅሁ። እሱንማ ፋብሪካው ያውቀዋል፤
ሃያ ስምንት ዓመት ከክሩ ጋር ጠቅልሎታል።
«በብረት እንቀይረው፤ ቀን ብቻ ይቁረጡ።»
ልጄ ስንዱ «ዛሬ» ስትል፣ ወንድሞቿ ተቆጡ።

ጎረቤቴ ይመኙሻል ዓምና አስቀይራ፣
ጣና ዳር ድረስ ትሄዳለች በእግሯ፤
ለስቅለት ስግደት ግን ቆማ ነው የምታጎነብሰው፣
ብረቱ መንበርከክ እንቢ አለ፤ ተቀየመችው።

ትናንት ከሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣
ልነሳ ብል አልሆነም፣ ጥርሴን ነክሼ አምጬ።
ውሃ የጠገበ ታንኳውን ሊያደርቅ የሚጎትት ሰው አየኝ፣
ዘንጉን ዘረጋልኝ፤ ምንም አልጠየቀኝ።

ማታ ለስንዱ ደወልኩ፦
«ለዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ቀጠሮ ያዢልኝ።
ስቅለትን
በዚሁ ባለቀው
ልስገድ።»