ሦስተኛው እምቢታ

ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው፤
ሜዳው ጭቃ ነው፣ ሌሊቱን ሁሉ ዝናብ ያቦካው።
ፈረሱም አንቺ ነሽ፦ ዳማ ባዝራ፣ ግንባረ ቦራ፣
በአምስት ዓመትሽ ያልታረቅሽ ገና ከጥላሽ ጋራ።
የሸጠልኝ ሰው፣ ያ የሮስኮመኑ ኮርማክ ደላላ፣
«ቅን ናት» ብሎኝ ነበር፤ ቅንነትሽን አልካድኩም ኋላ።
የጠላሽውን ደብቀሽ አታውቂ፣
ቂም በልብሽ ይዘሽ በጥርስሽ አትስቂ፤
ላስቲክ ሲሆን ላስቲክን፣ ጃንጥላ ሲሆን ጃንጥላን፣
ዛሬ ማለዳ ደግሞ የገዛ ጭራሽን፣ መኪናውን፣ እኔን።

ጠዋት የሥርዓት ግልቢያ ነበር፤ በነጩ አጥር መሀል
ሶምሶማ ሲባል ደንገላሳ፣ ቁሚ ስትባይ ጭፈራ፣ ምን ይባላል!
አራት ደቂቃ ከግማሽ ሙሉ ስታሽካኪ፣
በኮቴሽ ሣሩን እንደ በር ስታንኳኪ።
ዳኛዋ ከመስታወቷ ጀርባ ሻይዋን ይዛ
ከወረቀቱ ግርጌ ጻፈችልን፣ በትንሽ ለዛ፦
«ፈረሷ ተስፋ አላት። ጋላቢዋ ትተንፍስ።»
እውነቷን ነው። ከመጋቢት ጀምሮ ትንፋሼን ውጬ የኖርኩ፣
በዚያ ወር ነው ካንቺ ወድቄ የትከሻ አጥንቴን የሰበርኩ፣
አንድ እጄን በሻሽ አንጠልጥዬ ክፍልፋይ ያስተማርኩ፣
ልጆቹ ሲስቁብኝ አብሬ የሳቅኩ።
እህቴ ኢመር በየእሑዱ ትደውላለች፤ «ሽጫት» ነው ሰላምታዋ።
ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ያለ ሰው
አንቺን ጭኖ አያውቅም።

ከሰዓት አገር አቋራጩ። አምስት፣ አራት፣ ሦስት፣ ተለቀቅን።
ግንዱን ዘለልሽው፣ የቤት ጣራ ይመስል፣
ከላይሽ ሆኜ የጎረቤት መንደር እስካይ ድረስ።
የሣር ክምሩ ጋ አንዱ ጆሮሽ ወደ እኔ ዞሮ ጠየቀኝ፤
አዎ አልኩሽ። አመንሽኝ።
ጋማሽ ፊቴን ሲገርፈው፣ ጭቃሽ ጥርሴ ውስጥ ሲገባ፣
ይሄ ነው፣ አልኩ፣ ይሄ ነው፤ ለዚህ ነው ደሞዜ ያለቀው ለገለባ።

ከዚያ ውሃው።
ከጉልበትሽ የማያልፍ ኩሬ፣ ሰማዩን ሁሉ ተሸክሞ የተኛ።
ቆምሽ። አራቱም እግርሽ ችካል።
«አንድ» አለ ፊንታን፤ በሌላው ቀን ላም አላቢ፣ ዛሬ የአጥር ዳኛ፣
እርሳሱም ውሻውም ካፖርቱም የበሰበሰ።
ዞርን፣ መጣን። ተረከዜ ለመነሽ፣ ምላሴ ለመነሽ።
ቆምሽ። ሁለት።
ከኋላችን የመጣ ግራጫ ፈረስ ውሃውን ሰንጥቆት አለፈ፣
ጋላቢዋ ዞር ብላ እንኳ አላየችን።
ኮርማክ መርቆ የሰጠኝ አለንጋ በእጄ ነበር፤
«መድኃኒቷ ይሄ ነው» ብሎኛል።
እጄ ተነሣ። ጆሮሽ ወደ ኋላ ተኛ።
ያን ጊዜ አየሁት በትከሻሽ ላይ፣
ጠጉሩ ነጭ ሆኖ የበቀለበትን ቀጭን መስመር፤
በየማለዳው እቦርሸዋለሁ፣
ከየት መጣ ብዬ ግን ጠይቄው አላውቅም ነበር።
አለንጋውን ሣሩ ላይ ጣልኩት።
ልጓሙን አላላሁልሽ፣ እስከ ጫፉ።
ሦስተኛ ቆምሽ።
ፊንታን እጁን አነሣ፦ «በቃ ደርቭላ። አዝናለሁ።»

ሰዓቱ ከላያችን ወረደ።
ማንም አልቸኮለም፤ ዝናቡ እንኳ ቀስ አለ።
አንገትሽ ረዘመ። ውሃውን አሸተትሽው፣
ፉር ብለሽ ነፋሽበት፣ ሰማዩ ተሰባበረ።
አንድ ኮቴ ገባ፤ ተመለሰ።
አንድ ኮቴ ገባ፤ ቀረ።
ከዚያ ሁለመናሽ፣ እኔን ጨምሮ፤
መሀል ላይ ቆመሽ በእግርሽ ትረጪው ጀመር፣
በሕይወትሽ ጠብ የማታውቂ ይመስል።
ፊንታን ወረቀቱን ገለበጠ፣ ደግሞ ገለበጠ፦
«ይሄን የምጽፍበት ሣጥን የለኝም» አለ።

ወርጄ እየሳብኩሽ ተመለስን፤ ቦቴ ውሃ ያንቦጫቡጫል።
መኪናው ጋ አንዲት ሴት ጃንጥላ ዘረጋች፣
በረገግሽ፤ በሆዴ ጭቃው ላይ ተሳብኩ።
ልጓምሽን ግን አልለቀቅኩም።
እሑድ ነው። ኪሴ ውስጥ ስልኩ ይጮኻል፤
ይጩህ።