ቁጥር ሰባ ሦስት

ሰዓት ነው ሥራዬ፤ ከዚራ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር፣
አንድ ዓይኔ ላይ አጉሊ ሰክቼ የደቂቃ ጥርስ ስቆጥር፣
የቆመ ሳስኬድ፣ የሮጠ ሳረጋጋ እውላለሁ።
ሲመሽ ግን ሌላ ነኝ፤ ሜዳይ እለቅማለሁ።

ጎረቤት «ቁራሌው» ይለኛል፤ ይበል።
ከታይዋን ጓሮ፣ ከምስማር፣ ከዛገ ቁልፍ መሀል፣
አንድ ክብ ነገር ብቅ ሲል፣
ልቤ እንደ ልጅ ነው የሚዘል።

ሕግ አለው ይህም ሥራ፤
ከፊቱ በፊት ጀርባውን አንብብ፣ አደራ።
ፊት ይዋሻል፤ አንበሳ፣ ዘውድ፣ ኮከብ፣ ጎራዴ፣
ማንም ቀጥቃጭ ያወጣዋል፣ ካገኘ ቅርጽና ዘዴ።
ጀርባ ግን፣ የመርፌው አበያየድ፣
ቁጥሩ የተመታበት መንገድ፣
የሪባኑ ክር፣ ከእጥፉ ሥር ፀሐይ ያላነጣው፣
ይነግርሃል ማን እንደ ሠራው፣ ማን እንዳጠለቀው፣ ማን ለዳቦ እንዳወጣው።
ደግሞ በሎሚ አትሸው፣ በአመድ አትፈትገው፤
ዝገቱ ቆዳው ነው፤ ገፍፈህ አታራቁተው።

መሳቢያዬ ውስጥ አሉ፤
ከኮሪያ የመጣ አንድ፣ ሰማያዊና ነጭ ሪባን፤
የጣልያን አንድ፣ ባለቤቱ ፊቱን በሞረድ የፋቀው፣ ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን፤
የሐረር ካዴት የኮሌታ ዓርማ፣ ጥንዱ የጠፋበት፤
የኦጋዴን አንድ፣ ሪባኑ ላይ ጥቁር ጠብታ አለበት፣
«ቀለም» ብዬ መዝግቤ ነው የተውኩት።

ኢፍቱ አብዶሽ መጣች አንድ ቅዳሜ፣ ቀትር ላይ፣
ድሬ እንደ ምድጃ ስትግም፣ ወፍ በሌለበት ሰማይ።
ከሻሿ ጫፍ ቋጠሮ ፈታች፤
«የአባቴ ኒሻን ነው አቦ፣ የጀግና» አለች፤
«ከደቻቱ ጎርፍ ያተረፍነው እሱንና አንድ ድስት ነው።
ልጄ ሊያገባ ነው፤ በሠርጉ ቀን ደረቱ ላይ ሊያደርገው ነው።
ብቻ የየትኛው ጦርነት እንደሆነ እንወቅ፣
ሰው ሲጠይቀን እንዳንሳቀቅ።»

ተቀበልኳት። ናስ ነው፤ ብርም ነሐስም አይደለም።
ዘውድ የለም፣ አንበሳ የለም፤
የተላጠ የፈረንጅ ፊደል፣ ከሥሩም ቁጥር፣ ሰባ ሦስት።
ገለበጥኩት። ጀርባው እንደ መስታወት።

የወታደር ሜዳይ በዓመት አንዴ ወይ ሁለቴ ይወጣል፣
በበዓል፤ ከዚያ ወደ ሳጥኑ ይመለሳል።
ይሄ ግን ጀርባው አልቋል፣
ላብ ልሶታል፣ ሸሚዝ ሞርዶታል፣
የመርፌው ማጠፊያ ሁለት ጊዜ ተበይዷል፤
ይሄ በየቀኑ ተለብሷል።
ጠርዙም በአንድ ወገን ተበልቷል፣ ገመድ የሚያልፍበት፣
ከግራ ትከሻ ወርዶ ጆንያ የሚታቀፍበት።

አወቅኩት። ለገሀር። የባቡር ተሸካሚ ቁጥር፤
የስኳር፣ የጨው፣ የሌላ ሰው ሻንጣ ምስክር።

ዓይኔን ከአጉሊው ሳልነቅል ቆየሁ።
«ኮሪያ» ብላት ማን ይሞግታል?
ሙሽራው ይኮራል፣ ሠርገኛው ያጨበጭባል።
እኔ ግን ሰዓት ሠሪ ነኝ፤
አንድ ደቂቃ የሚዋሽ ሰዓት እንቅልፍ የሚነሳኝ።
ነገርኳት። ቀስ ብዬ፣ ከጀርባው ጀምሬ፣
ላቡን፣ ገመዱን፣ ብየዳውን፣ በጣቴ ቆጥሬ።

ዝም አለች። አንድ ባጃጅ አለፈ።
ኒሙ ቅጠል አራገፈ።
ከዚያ ሳቀች፣ በሻሿ አፏን ይዛ፤
ዓይኗ ግን ሳቁን አልተከተለም።
«ግራ ትከሻው ዝቅ ያለው ለዚህ ነዋ!» አለች፤
«ጥይት ነው ይለን ነበር፣ ማታ ማታ እያሸነው።»
ቆየት ብላ፣ «ስንት ኩንታል ይሆን የተሸከመው?»

መልስ አልነበረኝም። ያን የሚቆጥር
ሪባን አልተሸመነም፣ በየትኛውም አገር።

«ልግዛሽ» አልኩ፤ አመለጠኝ፣ የለቃሚ ልክፍት።
እንደ ሰካራም አየችኝ። መልሳ ቋጠረች፣
ሁለት ጊዜ አጠበቀች፣
«ሠርጉ ላይ ና» ብላኝ ሄደች።

ሙሽራው አደረገው? እንጃ። ቀኑን ረሳሁት፣ ወይም ፈራሁት።
መዝገቤ ላይ ግን፣ ከኮሪያው በታች፣ ያልገዛሁትን ጻፍኩት፦
«ናስ። ሰባ ሦስት። ለገሀር።
ጀርባው ያለቀ። ባለቤት፦ አብዶሽ።
ዋጋ፦»
እዚህ ላይ እጄን አነሳሁ፤
መዳፌ ላይ አረንጓዴው ዝገት ገና ነበር።