የደረሰኝ ጀርባ

የፍሪጁን ድምፅ ነው የምስለው እኔ፣
የሦስተኛውን፣ ወተት ያለበትን፤
ሰማያዊ ሆኖ ይሮጣል በዐይኔ
ጕርምርምታው፣ ሲነሣ ሲሰክን።
ታምፔሬ ላይ በረዶ ይወርዳል፤ ይውረድ፣
ሌላ ሰው ይጻፈው። እኔ ሱቅ ልሂድ።

የምስለው ደረሰኝ ጀርባ ላይ ነው።
ሐኪሙ «ኦቲዝም» ብሎ የጻፈበት
ወረቀትም ጀርባው ባዶ ነበረ፤
ሳልኩበት።

ሰው «እንዴት ነህ?» ሲለኝ እውነቱን ልነግረው
ከጥርሴ እነሣለሁ፣ ከጫማዬ ማሰሪያ፣ ከሌሊቴ፤
ሳልጨርስ ይሄዳል፤ አውቶቡስ አለው።
ሲርካ ግን፣ ካሸሯ፣ እንዴት ነህ አትልም፤
ጫፉ ቀይ የሆነ የጥቅልል ቅሪት
ታኖርልኛለች። ዐይኔን አትፈልግም፣
እጄን ነው የምታይ።

ማክሰኞ ዕለት አንዱን ሰጠኋት።
«ባሕር!» ብላ ለጠፈችው፣ ከሰዓቱ ሥር፣
ዘቅዝቃ።

ሌሊቱን አልተኛሁ፤ ፍሪጁ በአናቱ
ቆሞ ሲያጕረመርም፣
ወደ ጣሪያው ሲፈስ ወተቱ።
እናቴ «ተወው፣ ማን ያውቅብሃል?» አለች።
«እኔ።»

ረቡዕ ማለዳ በሩ ሳይከፈት ቆምኩ፣
የምለውን አሥራ አንድ ጊዜ ደጋግሜ አጠናሁ።
ሲርካ ቀድማኛለች። ከወረቀቱ ጥግ
በእስክሪብቶ ጽፋለች፦
«ላዩ በየት በኩል ነው?»

እስከዚያ ቀን ድረስ የሰው ጥያቄ
«ምንድን ነው?» ነበረ፣
አለዚያም «ምን ሆነህ?»
ያጠናሁት ሁሉ ከአፌ ጠፋ።
ጣቴን አኖርኩበት።
«እዚህ ጋ» አልኳት፣
«በዚህ በኩል ዝም ይላል።»